የቼንሳ መስፈሪያ

የጎዞዋ ቼንሳ፣ ጨው ለቃሚዋ ባልቴት፣
ሰዓት ሳትመለከት ኖረች ሰማንያ ዓመት።
በርግጥ አንድ ሰዓት ነበራት፣ ከግድግዳው፣
ዌንዙ ባሏ ከመርከብ ሥራ ሲመለስ የገዛው፤
ጨው ነክሶት ቆሟል፣ ለአራት ሩብ ጉዳይ ላይ፣
ማንም አያስጠግነው፣ ማንም ቀና ብሎ አያይ።

የእሷ መስፈሪያ ሌላ ነው፤ ከንፈሯ ላይ ይውላል፤
እንቁላል በዐሥር «ሰላም ለኪ» ይበስላል፣
በስምንት ይዝረከረካል፣
በሃያ የድመት ሲሳይ ይሆናል።
ድንቹ አንድ ሙሉ መቁጠሪያ፣ ባቄላው ሁለት ይፈጃል፤
ያ ባለ ስምንት እግሩ፣ ከዓለት ሥር የሚያዘው፣
ሦስት ዙር ይጠይቃል፤ እንደ ግትር ሰው ልብ ነው፣
በአንድ ጸሎት አይለዝብም፣ ደጋግመሽ ካልለመንሽው።

በዚያ አገር ሐምሌ ደረቅ ነው። ዓለት ተፈልፍሎ
በተሠራው ገበታ ላይ፣ ፀሐይ ውሃውን አብስሎ
ጨው ሲያደርገው፣ ቼንሳ መጥረጊያዋን ይዛ
ትወርዳለች ማልዳ፣ በባዶ ሆድ፣ በጤዛ።
አንዱ ገበታ አንድ ዐሥር፤
አምስቱን ስትጨርስ መስቀሉ እጇ ይገባል፤
ያኔ ቀና ብላ ውሃ ትጠጣለች፣ ያኔ ወገቧ ይፈታል።

ቀትር ላይ ደወሉ ሦስት ሦስቴ ሲመታ
የዓሣ ሻጩ መኪና ጡሩምባውን ገታ፤
ካርታ ሊጥል የነበረ እጁን አየር ላይ ዘረጋ፣
ሊሳደብ አፉን የከፈተም «አሜን» ብሎ ዘጋ።

ቋንቋቸውን ስትሰማው ጆሮህ ይደነግጣል፤
«ስሊም ዓሊክ፣ ማሪያ» ይላል።
የእኛው «ሰላም ለኪ» ነው፣ ባሕር የተሻገረ፣
ጨው ጠጥቶ ድምፁ ትንሽ የሻከረ።

ቼንሳ በየካቲት ሞተች።
ማርቲዝ፣ የልጇ ልጅ፣ ከባንክ ቤት ፈቃድ ወስዳ መጣች፤
ጸሎት የተወች ናት፣ ከትምህርት ቤት ጀምሮ፤
ቤቱን ልታጸዳ ገብታ፣ ከዱቄቱ ጣሳ ሥር ተቀብሮ
አንድ ደብተር አገኘች፦
«ሽንኩርት ሁለት። ቲማቲም። የወይን ጠጅ አንድ ስኒ።
ባለ ስምንት እግሩን ጨምሪ፣ ሦስት ዙር ድገሚ፣
እሳቱን አትመኚ።»

ስልኳን አወጣች። ሦስት ዙር ስንት ደቂቃ ነው?
ጎረቤት ብትጠይቅ ሁሉም የየራሱን ነገራት፤
ሳልቩ ሃምሳ አለ፣ እህቱ ሠላሳ፣
ቄሱ «እንደ ጸሎተኛው ነው» ብለው ሳቁባት።
አርባ ሞላች። ስልኩ ጮኸ። ሥጋው እንደ ጎማ
ከጥርሷ ጋር ታገለ።

በማግስቱ ሌላ ገዛች። ምድጃው አጠገብ ቆማ
የአያቷን ድምፅ ፈለገች፣ ከጆሮዋ ጓዳ፣ ከጨለማ።
ትዝ አላት፤
ቼንሳ «አሁንም፣ በሞታችንም ጊዜ» ስትል
ሁልጊዜ ትንፋሽ ትወስዳለች፣ አንድ ማዕበል እስኪያልፍ ያህል።
ዌንዙን ባሕር ከወሰደው ወዲህ እዚያ ቃል ላይ መቆም ልማዷ ነው፤
በየፍሬው አንዴ፣ በየዙሩ ሃምሳ ጊዜ፣ ባሏን የምትጠብቀው።

ለካ ወጡን ያበሰለው ያ ዝምታ ኖሯል።

ማርቲዝ ጀመረች፣ ድምፅ አውጥታ፣ እያፈረች፤
መሐሉን ረሳች፣ ተመለሰች፣ በደረቅ ባቄላ ቆጠረች፤
እዚያች ቃል ላይ ስትደርስ እንደ አያቷ ቆመች።
መስኮቱ ላይ እንፋሎት። ውጭ ነፋስ።
በሁለተኛው ዙር ላይ ዓይኗን በክንዷ ጠረገች፣
ሽንኩርቱ ነው አለች።

አመነች አልልም፤ እሷም አላለች።
ብቻ ሦስተኛውን ዙር ጨርሳ ክዳኑን ገለጠች፣
ሹካ ወጋችበት፤
ገባ።